ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው ነገር ራሜን ገደለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ቤት ውስጥ የጓደኞቼን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከኅዳር ወዲህ ሹራቤን ሳወልቅ ይንጣጣል፤ የበር እጀታ ስነካም ይነዝረኛል። ባለፈው ደህና የነበረ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥቼ ስመልሰው ዴስክቶፑ አልነሳ አለ። ስታቲክ (ሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን ቻርጅ) የሚያስወግደውን የእጅ ማሰሪያ ልግዛ? የቤታችን ሶኬት ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም። ጎረቤቴ ግን «ኑትራሉ ላይ እሰረው» ይለኛል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ከጎረቤትህ ልጀምር። ኑትራል ላይ እንዳታስረው! ኑትራል ኮረንት የሚመላለስበት መስመር ነው። የሆነ ቦታ ከተላቀቀ ወይም ከፌዙ (ኮረንት ከሚያመጣው መስመር) ጋር ከተቀያየረ 220 ቮልት አንጓህ ላይ መጣ ማለት ነው። ሰውዬውንም ለሌላ ሰው ሳይመክር ቡና ጠርተህ አስተወው።

ራሙን ገና ሞቷል አትበል። ብዙ ጊዜ በደንብ ስላልገባ ነው። ወርቃማ ጥርሶቹን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀጭ እስኪል ተጫነው።

ስታቲኩ ግን እውነት ነው። ጎንደር ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ይደርቃል፤ ማታ ደግሞ ስለሚበርድ ሁሉም ፖሊስተር ጃኬት ውስጥ ይገባል። በደረቅ አየር ሰውነትህ ላይ የተጠራቀመው ቻርጅ ቶሎ አይለቅም። ሐምሌ ላይ እንዲህ አይነዝርህም። አንተ ንዝረቱ የሚሰማህ ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። አንዳንድ አይሲ (ቺፕ) ግን ከ100 ቮልት በታችም ይበላሻል። ስለዚህ የሚያሰጋው ያልተሰማህ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ይደክምና ከሳምንታት በኋላ ባለቤቱ «ሠርተኸው ነበር እኮ» እያለ ይመለሳል።

ማሰሪያውን ግዛ። ውስጡ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለው፤ በድንገት ኮረንት ያለበት ነገር ብትነካ በሰውነትህ የሚያልፈውን የሚቀንሰው እሱ ነው። ከተራ ሽቦ ሠርተህ እንዳታስር የምልህም ለዚህ ነው። በቴስተር (መልቲሜትር) ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፤ ወደ 1 ሜጋኦም ካላነበበ ጣለው።

ግራውንድ ስለሌለህ አትጨነቅ። ዋናው ነገር አንተና ቦርዱ እኩል ቮልቴጅ ላይ መሆናችሁ ነው። የዴስክቶፑን ገመድ ንቀል፣ ክሊፑን ቀለም ያልነካው የሣጥኑ (የኬዙ) ብረት ላይ ንከስ፣ በቃ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለህ፣ ባትሪውንም መጀመሪያ አላቅቀህ፣ የብረት ፍሬሙ ላይ ንከስ።

ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ትንሽ ይረዳል፤ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ግን ከንቱ ነው። ቦርድ ፌስታል ወይም ነጭ ፎም ላይ አታስቀምጥ፤ እንጨት ጠረጴዛ ይሻላል። ከበረደህ ፖሊስተር ጃኬቱን አውልቅና የጥጥ ጋቢ ደርብ። ዕቃው ታሽጎ የሚመጣባትን ብርማ ከረጢትም አትወርውራት፤ ዕቃውን ውስጧ አስቀምጥ እንጂ ላይዋ ዘርግተህ አታብራ፤ ሾርት ልታደርግ ትችላለች።

አንድ ቀን ባለ ፒክቸር ቲዩብ የድሮ ቴሌቪዥን ቢመጣልህ ግን ማሰሪያውን አውልቅ። እዚያ ውስጥ ከጠፋም በኋላ ብዙ ሺህ ቮልት ሊቆይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አንተን ከብረት ማራቅ ነው፤ ካልለመድከው ደግሞ አትክፈተው።