«አርነት» እና «ነጻነት»፦ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ለትምህርት በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አንዱ ጥቅስ «አርነት»፣ ሌላው «ነጻነት» እያለ ያስቸግረኛል። የሃይማኖት ልዩነት አለው? «ነጻ ፈቃድ»ስ ከእነዚህ ጋር ይቈጠራል?

መልስ፦ የሃይማኖት ልዩነት የለውም። ገላትያ 5ን ይግለጡ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው ትርጉም ቁጥር 1 «በነጻነት ልንኖር ክርስቶስ ነጻነት አወጣን» ይላል፤ ቁጥር 13 ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ለአርነት ተጠርታችኋል» ሆኖ ያገኙታል። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ ያለው ቃል አንድ ነው፤ ኤሌውቴሪያ። ልዩነቱ ያለው በአማርኛችን ጠባይ ላይ ነው።

«አርነት» («ሐርነት» ተብሎም ይጻፋል፤ «ሐራ ወጣ» ከምንለው ጋር ዘመድ ነው) ባርነትን አስቀድሞ ይጠራል። ብዙውን ጊዜም «ወጣ» ወይም «አወጣ» ይከተለዋል፤ ከፊቱ «ከ» ያዘለ ስም ይቆማል፦ «ከኃጢአት አርነት ወጣ»። በዮሐንስ 8 የኢየሱስን አድማጮች የከነከናቸውም ይኸው ነው። «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ሲባሉ የሰሙት «ባሪያዎች ናችሁ» የሚለውን ነበርና የአብርሃም ዘር ነን፣ ለማንም ባሪያ ሆነን አናውቅም ብለው መለሱ።

ስለዚህ «እግዚአብሔር አዳምን በአርነት ፈጠረው» ብለው እንዳይጽፉ። ገና ሲፈጠር ከማን እጅ ይወጣል? «ነጻ አድርጎ ፈጠረው» ይበሉ። ከውድቀት በኋላ ላለው አዳም ግን «አርነት» ልክ ቦታው ነው፤ በትንሣኤ በዓል የሚባለው የግእዝ ቃል «አግዐዞ ለአዳም» የሚለውም «አዳምን አርነት አወጣው» ማለት ነው።

«ነጻ ፈቃድ» ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲፈጠር የተሰጠውን የመምረጥ ችሎታ ይጠራል እንጂ ከቀንበር መውጣትን አይናገርም። «ክርስቶስ ነጻ ፈቃድ አወጣን» የማይባለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጸሐፊ የሚሰናከለው ግን «ነጻ» ግስ ሲሆን ነው። ማቴዎስ 8፥3 ላይ «ወዲያውም ለምጹ ነጻ» ሲል «ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ» ማለቱ ነው፤ ሥሩ የግእዙ «ነጽሐ» ነው። እንግዲህ «ከኃጢአት ያነጻናል» እና «ከኃጢአት ነጻ ያወጣናል» አንድ አይደሉም። የፊተኛው ኃጢአትን እንደ እድፍ፣ የኋለኛው እንደ ጌታ ያየዋል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ካቀላቀሏቸው ምሳሌው ይፈርሳል። በነገራችን ላይ ከዚሁ ሥር የተነሣ «ነጻ»ን በጸሎቱ «ጸ» መጻፉ ይሻላል፤ «ነፃ» መለመዱን ግን አልክድም።

«ጨዋ»ንም ልብ ይበሉ። ገላትያ 3፥28 «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» ሲል ስለ ትሕትናና ሥነ ምግባር አይናገርም፤ ባሪያ ያልሆነውን ሰው ነው የሚለው። ለዛሬ አድማጭ ሳያብራሩ አይለፉት። በ5፥13 ያለው «አርነታችሁ ለሥጋ ምክንያትን አይስጥ» የሚለው «ምክንያት»ም እንዲሁ ሰበብ፣ መግቢያ ቀዳዳ ማለት ነው። አርነት ልቅነት እንዳይሆን ጳውሎስ የሚዘጋው በዚህች ቃል ነው።

በመጨረሻ፣ «ከ»ን ጽፈው «ለ»ን አይርሱ። ሮሜ 6፥18 «ከኃጢአትም አርነት ወጥታችሁ ለጽድቅ ተገዛችሁ» ይላል፤ ጥቅሱን ከግማሹ ከቈረጡት የጳውሎስ ሐሳብ አብሮ ይቈረጣል።