መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ማዞር

ጥያቄ፦ በምዕራብ ጎጃም ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር ልጆቹ የሚያነቡት ነገር የላቸውም፤ በአቅራቢያችን ያሉት ሦስት ትምህርት ቤቶችም እንደኛው ናቸው። ያለ መኪና ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ይቻላልን?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ይቻላል፤ በአገራችንም ተሠርቶበታል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ አሰማርቶ ነበር፤ በሶማሌ ክልልም ሴቭ ዘ ችልድረን መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደር መንደሮች አድርሷል። ለእናንተ ግን ከማጓጓዣው ይልቅ የዙሩ አደረጃጀት ይበልጥ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

የጉድኝት ማዕከላችሁ፣ ማለትም በአቅራቢያ ያሉትን ትምህርት ቤቶች የሚያስተባብረው ትምህርት ቤት፣ የዙሩ መነሻ ይሁን። አራት የእንጨት ሳጥኖች አሠርታችሁ በእያንዳንዱ የተለያዩ መጻሕፍት ብታስቀምጡና በየወሩ ሳጥኖቹን ወደ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ብታዛውሩ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁሉንም ሳጥኖች ሁለት ጊዜ ያገኛል። ክዳኑ ሲከፈት መጻሕፍቱ ሽፋናቸው ወደ ልጆቹ ዞሮ የሚቆሙበት እርከን ቢኖረው መልካም ነው፤ ገና ማንበብ የሚጀምር ልጅ የሚመርጠው ሥዕሉን አይቶ ነውና። የንባቡ ቀን በክፍል መርሐ ግብር ላይ ይግባ፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት የገበያ ቀን ግን አይሁን።

በመጻሕፍቱ ምርጫ ላይ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ከሳጥኑ ግማሽ ያህሉ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላቸው ባለሥዕል መጻሕፍት ቢሆኑ፣ መምህሩም አስቀድሞ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው፣ ደካማው ልጅ ከንባቡ አይገለልም።

ከሁሉ በላይ ላሳስብዎ የምፈልገው መጽሐፍ እንዳይቆለፍበት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በንብረት መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር፣ የተረከበው መምህር ቢጠፋ እከፍላለሁ በሚል ፍርሃት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ልጆቹም በመስታወት ያዩታል እንጂ አይነኩትም። ይህ ፍርሃት ተገቢ ስለሆነ መምህሩን መውቀስ አይረዳም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የወላጅ መምህር ኅብረቱ ተሰብስቦ፣ በንባብ ብዛት የተቀደደ ወይም ቤት ተወስዶ የጠፋ መጽሐፍ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ መምህሩም ሆነ ወላጁ እንዳይጠየቁበት ይወስን። ያን ጊዜ ልጆቹ መጽሐፉን ወደ ቤት ሊወስዱ፣ ላልተማሩ ወላጆቻቸውም ሊያነቡላቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን ነው። ልጆቼ ያደጉባቸውን የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት ሰብስቤ ለእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልላክ?

መልስ፦ ቅንነትዎን እያመሰገንን፣ የማጓጓዣውን ወጪ ለሌላ ነገር እንዲያውሉት እንመክራለን። በእነዚህ ክፍሎች ያሉ ልጆች የሚማሩት በአማርኛ ሲሆን እንግሊዝኛን የሚያውቁት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ ከሚልኩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ሳይነበቡ ይቀመጣሉ። ኮድ ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ያዘጋጃሉ፤ ከእነዚህ ገዝቶ መስጠት ይመረጣል። ከሰበሰቧቸው መካከል ጽሑፋቸው አጭር፣ ሥዕላቸው ብዙ የሆኑትን ግን ለ4ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉ ተማሪዎች ቢልኩላቸው ይጠቀሙባቸዋል።