ኮሞዶር 64፦ የድምፅ ቺፑን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ኮሞዶር 64 (እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር) ገዛሁ፤ ጎበጥ ያለው ቡናማው ነው። ድምፁ ጥርት እንዲልልኝ ብዬ 8580 የሚባለውን የድምፅ ቺፕ አዝዣለሁ። የነበረውን ነቅዬ ብተካው ችግር አለው?

መልስ፦ ቺፑ ቢመጣም ገና እንዳይሰኩት። ሁለቱም ባለ 28 እግር ስለሆኑ አንዱ በሌላው ሶኬት ይገባል፤ የሚፈልጉት ቮልት ግን ይለያያል። የቀድሞው የድምፅ ቺፕ 6581 በ12 ቮልት፣ 8580 ደግሞ በ9 ቮልት ነው የሚሠራው። 12 ቮልት በሚሰጥ ቦርድ (ቺፖቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ 8580ን ሰክተው ቢያበሩ ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ፋብሪካው ከቆመ ዓመታት ስላለፉ ደግሞ ምትኩ ውድ ነው።

ሣጥኑን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ጀርመን ውስጥ የተሸጠው ኮሞዶር 64ጂ ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የመጀመሪያውን ይመስላል፣ ውስጡ ግን አጭሩ አዲስ ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሸንቃጣው 64ሲም የድሮውን ረጅም ቦርድ ይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅለው ከሥሩ ያሉትን ሦስት ብሎኖች ይፍቱና ቦርዱ ላይ የታተመውን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ። 326298፣ 250407፣ 250425 ወይም 250466 ከሆነ 12 ቮልት ነው። 250469 (አጭሩ ቦርድ) ከሆነ 9 ቮልት ነው። አጭሩ ቦርድ ላይ 252311 የሚል ቁጥርም አለ፤ እሱ የባዶው ቦርድ መለያ ስለሆነ አያደናግርዎ።

አንዳንዶች የራም (የማስታወሻ) ቺፖቹን በመቁጠር ይለያሉ። ስምንት ከሆኑ በእርግጥ ባለ 12 ቮልቱ ነው። ሁለት ከሆኑ ግን 250466ም 250469ም ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አይወስኑ። እርግጠኛ ለመሆን የድምፅ ቺፑን ከሶኬቱ አውጥተው ኮምፒውተሩን ያብሩና በሶኬቱ 14ኛና 28ኛ እግር መካከል በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ።

12 ቮልት ካገኙ 6581ን ባለበት ይተዉት፤ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ቮልቱን ከቦርዱ ላይ ወደ 9 ዝቅ ለማድረግ አይሞክሩ፣ በረጅሞቹ ቦርዶች የምስል ቺፑም ያንኑ 12 ቮልት ይጠቀማል። የድምፅ ማጣሪያዎቹ ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ አካላት) ይለያያሉ፦ ለ6581 470 ፒኮፋራድ፣ ለ8580 22 ናኖፋራድ። ደግሞም በብዙ ጌሞች ውስጥ ያለው የተቀዳ የሰው ድምፅና ከበሮ በ6581 ጎልቶ ይሰማል፣ በ8580 ግን ይደክማል።

ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፓወር ሰፕላይዎ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሣጥን) ነው። የጥንቱ ጥቁሩ ከሆነ ውስጡ በሙጫ ስለተሞላ አይጠገንም፤ ሲበላሽም የ5 ቮልቱ መስመር ከፍ ብሎ ራሙን ይገድላል። ወደ ኮምፒውተሩ በሚሰካው የፓወር ሰፕላዩ ገመድ ጫፍ 5ኛና 2ኛ እግር መካከል ሲለኩ ከ5.25 ቮልት ካለፈ ኮምፒውተሩ ላይ አይሰኩት። ዛሬ ደህና ቢለካም ሲሞቅ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ለ8580 ያሰቡትን ገንዘብ አዲስ ለተሠራ ፓወር ሰፕላይ ያውሉት።