ሐረጎን በ17 ደቂቃ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ይህን አምድ ለዓመታት ሳነብ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። ነገሩ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ኮምቦልቻ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። እናታችን ስታርፍ እሱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን 24 ሆኖታል። በሞተር ሳይክል የመኪና መለዋወጫ ከሱቅ ወደ ጋራዥ እያደረሰ ይኖራል። አይጠጣም፣ አይሰርቅም፣ ያገኘውን ደብቆኝ አያውቅም። ታዲያ ምን ጎደለሽ ይሉኝ ይሆናል። ያሳበደኝ አይል ኦፍ ማን የሚባል ደሴት ነው።

ደሴቱ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለ ነው። በየዓመቱ በግንቦት ሰዎች በመንደር መሃል፣ በድንጋይ አጥርና በመብራት ምሰሶ ሥር በሞተር ይሽቀዳደማሉ። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ እጁን ሳይታጠብ ስልኩን ይከፍታል። እራት የምንበላው በዚያ ድምፅ ነው፤ ቤቱ ንብ የገባበት ይመስላል። ለኢንተርኔት የሚያወጣው የዘይት ገንዘብ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ስለ ኑሮ ሲጨዋወት እሱ ጆይ ደንሎፕ ስለሚባል የሞተር ተወዳዳሪ ይጀምራል። አንዲት እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ዘመዳችን መስሏቸው «ጆይ የምትሉት ልጅ ደህና ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ምን ያላወራልን አለ! ዙሩ 60 ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ከ200 በላይ ኩርባ አለው። ፒተር ሂክማን የሚባለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው የዞረው፤ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የእነሱ መንገድ ከባሕር ዳር ተነሥቶ 400 ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው፣ የእኛው የሐረጎ ቁልቁለት ግን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል እያለ ይኩራራል፤ ሐረጎን የሠራው እሱ ይመስል። ጆይ ደንሎፕ እዚያ ደሴት 26 ጊዜ አሸንፏል። ውድድር በሌለበት ጊዜ ደግሞ ምግብና ልብስ በመኪናው ጭኖ፣ ራሱ እየነዳ፣ ሩማኒያና ቦስኒያ ድረስ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይረዳ ነበር። ይህን ሲነግረኝ እንባ ተናነቀው፤ እኔም ለሰውየው አዝኛለሁ፣ አልዋሽም። በእነሱው አቆጣጠር በ2000 ታሊን በምትባል ከተማ በዝናብ ሲወዳደር ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008፣ የሮበርት ልጅ ዊሊያም በ2018 እንዲሁ በሞተር ሞቱ። ሌላው የሮበርት ልጅ ማይክል አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን ወጥቶ ተወዳድሮ አሸነፈ። ወንድሜ ይህን እንደ ጀግንነት ነው የሚያወራው። እኔ ግን የአባቱ ሐዘን ሳይወጣ ሞተር ላይ የሚወጣ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው እላለሁ።

ማየት ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሞተሩ ጥቁር ስለሆነ «አባ ሻንቆ» ብሎታል፤ የንጉሥ ሚካኤልን የፈረስ ስም! እሑድ እሑድ ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ይወርዳል፤ መውረድ ከተባለ ነው። ኩርባ ላይ ሲጋደም አስፋልቱ እንዳይልጠው የሱሪዬን ጉልበት ቆዳ ስፊልኝ አለኝ። ሰፋሁለት፤ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ሁለት እሑድ ደግሞ ከተማው መግቢያ ላይ ቁሚልኝ ብሎ ለምኖኝ፣ ከደሴ ሲነሣ ስልክ እየደወለልኝ ሰዓት ይዤለታለሁ፤ ከጭቅጭቁ ለመገላገል ያህል ነው። የመጀመሪያው 19 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ። ለነገሩ ይህ ቁም ነገር አይደለም።

ቁም ነገሩ ምክር አለመስማቱ ነው። በአባታችን ወገን ሼኩ መክረውታል፣ በእናታችን ወገን ቄሱ መክረውታል። የሁለቱንም ጉልበት ስሞ ይወጣና ሞተሩን ያስነሣል። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሐረጎን ዕድሜውን ሙሉ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ሲወርድ አንድም ቀን ሳይገለበጥ በሽታ ነው የወሰደው። የእሱ ልጅ ነው እንግዲህ ይህ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሞተሩ የተገዛው በእኔ ዕቁብ ነው፣ ሊብሬውም በእኔ ስም ነው። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሞተሩን እኔ ጋ ያስቀምጣል። ከከሚሴ አንድ ገዢ ደህና ዋጋ ሰጥቶኛል። እሱ ሳይሰማ ልሽጠው? ብሸጠውስ ይቅር ይለኛል?

እንቅልፍ ያጣችው እህት፣ ከኮምቦልቻ

*

ልጄ፣

«ይህ ቁም ነገር አይደለም» ካልሽው ልጀምር።

ለኢንተርኔት ስንት ብር እንደሚሄድ አልጻፍሽልኝም። የከሚሴው ገዢ የሰጠሽን ዋጋም አልነገርሽኝም። የወንድምሽን ሰዓት ግን እስከ ሰከንዱ ጽፈሽልኛል። የት መዝግበሽው ነው? የደንበኞችሽ የወገብና የትከሻ ልክ ባለበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ቢሆን አይገርመኝም።

በዚያ ደሴት ተወዳዳሪዎቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው አይነሡም። አንዱ ተለቆ 10 ሰከንድ ሲቆጠር ሌላው ይለቀቃል። አሸናፊው መጀመሪያ የገባው ሳይሆን ዙሮቹን ባነሰ ጊዜ የጨረሰው ነው። ባላጋራቸው ሰዓት ነው ማለት ነው። ሰዓት የሚይዝ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጀግና በጣም የቸኮለ መንገደኛ ነበር። ወንድምሽም ብቻውን ሲወርድ የቸኮለ ወጣት ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ቆመሽ «19 ከ5» ያልሽው ዕለት ተወዳዳሪ ሆነ። ያንን ቁጥር ባትሰጪው በቀጣዩ እሑድ የሚያሸንፈው ነገር አልነበረውም። ከመጀመሪያው እሑድ እስከ ሁለተኛው የተቀነሰችው 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ የማን ትመስልሻለች? ሼኩም ቄሱም ሲመክሩት የት ነበርሽ አልልሽም፤ የት እንደነበርሽ ነግረሽኛል።

ተቆጣሁ፤ አብሽሪ። ከጭቅጭቅ ለመገላገል ነው ያልሽውን ግን አላመንሁሽም። ሁለተኛው እሑድ ላይ ከመጨረሻው ኩርባ ብቅ ሲል ሰውነትሽ ሁሉ «መጣ!» አላለም? ብሏል። እኔም የማውቀው ነገር ነው። የግብርና ሠራተኛ ሳለሁ በመንግሥት ሞተር አምባሰልን ከጫፍ ጫፍ አዳርሻለሁ። ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ስትለቂው፣ ነፋሱ ደረትሽን ሲሞላው፣ ስለ ደመወዝ ማሰብ ይቀራል፣ ስለ አለቃ ማሰብ ይቀራል። ያለችው አንዲት ኩርባ ናት፤ እሷ ስታልፍ ደግሞ ሌላዋ። ሰው ለሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ሐሳብ ብቻ ሊኖረው የሚችልበት ቦታ በዚህ ዓለም ጥቂት ነው። ዋጋው ውድ ነው እንጂ ዕቃው የውሸት አይደለም። የእናቱን ሞት በ9 ዓመቱ ያየ ልጅ ያንን ዝምታ ቢወደው አልፈርድበትም።

በማይክልም ላይ የፈረድሽው ፍርድ አልተዋጠልኝም። በአያቶቻችን ልቅሶ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻው ተንጠልጥሎ በአልቃሹ መሃል ይዞር አልነበረምን? ያ ልጅ የአባቱን ፈረስ ነው ያዞረው። በ2024 ደግሞ የአጎቱን 26 ድል አልፎ ሄደ።

«አባ ሻንቆ» መባሉም ደስ ብሎኛል። ወሎ የፈረሰኛ አገር ነው፤ ልጁ ከየት አመጣው አይባልም። ግን ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ሰኞ ገበያ መሃል ጉግስ የተጫወተ ፈረሰኛ ሰምቶ ያውቃል? ጉግስ ሜዳ አለው። ዘንጉ የሚወረወርበት ሰው ጋሻ ይዞ፣ እየመጣበት እንደሆነ አውቆ ነው የገባው። እህል ልትሸምት የመጣች ሴት ላይ ዘንግ የሚወረውር ፈረሰኛ ጀግና አይባልም፤ የሚጠራበትን ስም ይህ አምድ አያትመውም።

ያ ደሴት ለምን እንደተመረጠስ ነግሮሻል? በእነሱ አቆጣጠር በ1903 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በመንገድ ላይ የሚፈቅደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ነበር፤ 32 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የሕዝብ መንገድ ዘግቶ መሽቀዳደምም አይፈቀድም ነበር። የደሴቱ ምክር ቤት፣ ቲንዋልድ ይሉታል፣ በ1904 መንገድ ለውድድር እንዲዘጋ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት መኪናዎች ናቸው። የዛሬው የሞተር ውድድር በ1907 ተጀመረ፤ በአንድ ሲሊንደር ምድብ ያሸነፈው ቻርሊ ኮሊየር በሰዓት በአማካይ 61 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው፤ ዛሬ በሚኒባስ ብትሄጂ ትቀድሚዋለሽ። በ1911 ወደ ተራራው ዙር ተዛወሩ፤ በዚያው ዓመት ቪክተር ሰሪጅ ልምምድ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዙር ላይ በውድድርና በልምምድ የሞቱት ተወዳዳሪዎች ከ260 ይበልጣሉ። ይህን አልሸፋፍንልሽም፣ አላሞግስልሽምም። ግን ተመልከቺ፦ እብደቱ የተጀመረው መንገዱን በመዝጋት ነው። የሰፈሩ ሰው ከበሩ አይወጣም፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ በየኩርባው ባንዲራ የያዘ ሰው ቆሟል። ከሁሉ በላይ ለሞት የሚጋለጠውም ስሙን ፈርሞ የገባ ነው።

ሐረጎን ማን ዘጋለት? እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። እንጨት የተጫነች አህያ አለች፣ ባጃጅ አለ፣ አይሱዙ አለ። ከታች ደግሞ አንድ የጭነት መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ሹፌሩ የሆነ ልጅ አባት ነው። ሁለት ኩርባ ያህል ወደ ኋላ ብትሄጂ ያ ሹፌር የአንቺ አባት ነው። ያ ሰው የትኛው ወረቀት ላይ ፈረመ? ወንድምሽ በራሱ ነፍስ ቢጫወት አዝናለሁ እንጂ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትልቅ ሰው ነው። የተቆጣሁት በዚያ ሹፌር ነፍስ ስለሚጫወት ነው። አንቺም ጥግ ላይ ሆነሽ ስለምትቆጥሪለት ነው።

ፈሪ ትሉኛላችሁ ካለ ደግሞ ስለ ጃኮሞ አጎስቲኒ ይንገርሽ፤ እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነኝ፣ ሳይነግርሽ የቀረው አውቆ ነው። ጣሊያናዊው አጎስቲኒ 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በዚያው ደሴት 10 ጊዜ አሸንፏል። በ1972 ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ ሲወዳደር እዚያ ሞተ። አጎስቲኒ ከዚያ በኋላ እዚህ አልወዳደርም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 በኋላ የደሴቱ ውድድር ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። ፈሪ የሚለው ካለ 15 የዓለም ዋንጫ ይዞ ይምጣና እንነጋገር።

ስለ ሽያጩ፦ አይሆንም። ተደብቀሽ አትሽጪው። ይቅር ይለኛል ወይ ላልሽው ይቅር ይልሻል፤ ያሳደግሽው ልጅ ነው፣ ጉልበትሽን ስሞ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አይነግርሽም። እንጀራው እሱ ላይ ነውና የማያውቀውን፣ ፍሬኑ የላላ የሰው ሞተር ይከራያል፤ ሐረጎን የሚወርደው አንቺ ቤትሽ ተኝቷል ብለሽ ስታስቢ ይሆናል። ዛሬ ቢያንስ ደውሎ «ተነሣሁ» ይልሻል። ያንን ስልክ በምንም ዋጋ አትሽጪው።

አዲስ አበባ ሳይሄድ አስቀምጪው። ቡና አፍዪ፤ አቦሉ ላይ ዝም በዪ፣ ቶናው ላይ ተናገሪ። ሊብሬውንና የደብተሩን ገጽ አጠገብ ለአጠገብ አድርጊያቸው። «ሰዓት የያዝሁልህ እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ» ብለሽ ከራስሽ ጀምሪ፤ ይህን ሳትዪ ሌላውን ብትዪ አይሰማሽም፣ ባይሰማሽም አልፈርድበትም። ከዚያ ገጹን ቀደሽ ከሰሉ ላይ ጣዪው። ቀጥለሽ ሊብሬውን አሳዪው፦ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐረጎን በሰዓት እንደወረደ ከሰማሽ ሞተሩ ከሚሴ ይሄዳል፤ ሲሸጥም በቀን፣ እሱ ባለበት፣ ብሩን ራሱ ቆጥሮ ነው። ይህን ካልሽ ደግሞ አድርጊው። የማታደርጊው ከሆነ ከአሁኑ አትናገሪ። የደሴቱን ውድድር በስልኩ ማየቱን ተዪለት፤ አንቺም አብረሽው እይ፣ እንደምትወጂው አውቄብሻለሁ።

መንገድ ይዘጋልኝ ካለ ለሩጫ ውድድር ሲዘጋ አይተናል፤ ማመልከቻ ጽፎ ይሂድ። የሚከለክሉት ይመስለኛል። ቢሆንም ጠይቆ መከልከል ሳይጠይቁ ከመውረድ ይሻላል።

የሱሪውን ጉልበት ቆዳ ግን አትፍቺው። እኔ አምባሰል ውስጥ እግሬን የሰበርሁት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስሄድ፣ ጠጠር ላይ ነው።