ፓስፖርቴ ገና ነው፣ ታዲያ ለምን መለሱኝ?

የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ከጉዞ አልወጡም። እንዳመጣጣቸው እንያቸው።

ፓስፖርቱ ሊያበቃ አራት ወር የቀረው፣ ለአሥር ቀን ሽርሽር የተነሳ አንባቢ ቼክ ኢን ላይ ተመልሷል። «ያቺ ልጅ በምን ሥልጣኗ ነው?» ይላል። ንዴቱ ገና አልበረደም።

ወንድሜ፣ ልጅቷ ላይ አትፍረድ። ብዙ አገሮች ፓስፖርትህ ከምትገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ታመህ ወይም ሌላ ነገር ገጥሞህ ብትቆይ፣ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ይዘህ እነሱ ዘንድ እንዳትቀር ነው። የሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያነሱት የአውሮፓ አገሮች) ስሌት ደግሞ ሌላ ነው፦ ለቀህ ከምትወጣበት ቀን በኋላ ሦስት ወር፣ በዚያ ላይ ፓስፖርቱ ከወጣ አሥር ዓመት ያላለፈው መሆን አለበት።

እሺ፣ የድንበር ፖሊሱ ሥራ ቼክ ኢን ላይ ምን ያደርጋል? አየር መንገዱ ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ካደረሰ መልሶ የሚያመጣው ራሱ ነው። በብዙ አገር ቅጣትም ይከፍላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የየአገሩን መስፈርት ከኮምፒውተር ላይ ያያሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት መረጃ ቋት ቲማቲክ ይባላል። እዚያ ላይ «አይቻልም» ካለ ልመናም ጩኸትም አይሠራም።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ፓስፖርቴ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ግን ዝናብ ነክቶታል። ሠራተኛው ፎቶዬ ያለበትን ገጽ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገው። ምንም ሳይናገር በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥጉን ነካ ሲያደርገው ላስቲኩ ተላጠ። ሻንጣዬ ከሚዛኑ ላይ ወረደ፣ እኔም ወደ ቤቴ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም እዩ። ንጹሕ የቪዛ ገጽ መቅረቱንም ቁጠሩ፣ አንዳንድ አገር ይህንንም ይጠይቃል።

ፓወር ባንክ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይገባል?

አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት (የሚይዘው የኃይል መጠን) ችግር የለውም፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፔሩ 74 አካባቢ ነው። ከ100 ካለፈ አየር መንገዱን ጠይቁ።

«ሼንገን ውስጥ 90 ቀኔን ልጨርስና አንድ ቀን ወጣ ብዬ ልመለስ፤ ከዜሮ ይጀምርልኛል አይደል?»

ጎበዝ፣ ግን ቀድመው አስበውበታል። ድንበሩ ላይ ስትቆሚ ወደ ኋላ 180 ቀን ይቆጠራል፤ በዚያ ውስጥ የቆየሽበት ተደምሮ ከ90 ማለፍ የለበትም። የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ብታርፊም። 90ውን በተከታታይ ከጨረስሽ፣ ሙሉ 90 እንደገና ለማግኘት 90 ቀን ውጭ መክረም ነው።

አንዲት እናት የቢጫ ወባ ካርዳቸው «አሥር ዓመት» ስለሚልና ስላለፈበት ድጋሚ ልወጋ ወይ ይላሉ።

ኧረ አይወጉ እማማ። ከሐምሌ 2016 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ካርዱ የዕድሜ ልክ ሆኗል፣ የድሮውም ጭምር። አዲስ የምትከተቡ ግን ካርዱ የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነውና ለዋዜማው አታቆዩት።

«ሐኪም ያዘዘልኝን የሕመም ማስታገሻ ይዤ ብሄድ ማን ምን ይለኛል?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንዱ አገር በየፋርማሲው የሚሸጠው መድኃኒት ሌላው ዘንድ ያሳስራል። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ይዞ ዱባይ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጃፓን ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ በላይ ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት እንኳ አታስገባም። የሐኪም ማዘዣ ሁልጊዜ አያድንም። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ያዙ፣ ከንግድ ስሙ ጋር የንጥረ ነገሩን ስም አጽፉ፣ ከዚያ የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አትማችሁ ያዙ። የጓደኛ «እኔ አልፌበታለሁ» መልስ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ኤምባሲውን ጠይቁ።

ፓስፖርት ሻንጣ ውስጥ ይሻላል ወይስ በእጅ?

በእጅ። ስትደርስ ፓስፖርት የሚጠየቀው ሻንጣ ከመምጣቱ በፊት ነው።