ካውንቲው «መታጠፊያ መስመር ሥሩ» ሲላችሁ

ሰላም እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን መሬት ገዝታችኋል። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ደግሞ ትራፊክ ስተዲ፣ ማለትም ሕንፃው ስንት መኪና ወደ መንገዱ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጥናት አምጡ፣ መግቢያችሁ ላይ የግራ መታጠፊያ መስመር በራሳችሁ ወጪ ሥሩ አላችሁ። «ይሄ ሕጋዊ ነው ወይስ እኛን ለማስቸገር ነው?» ብለሻል። እኔ እንዲህ ዓይነት ጥናት በሚሠራ ቢሮ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ መንገድ ዳር ወንበር ዘርግቼ መኪና እቆጥር ነበር፣ በኋላ ሪፖርት ጸሐፊ ሆንኩ። ረዘም ካለ ይቅርታ።

መጠየቁ ሕጋዊ ነው። አፓርታማ የሚሠራውም፣ ነዳጅ ማደያ የሚከፍተውም ይጠየቃል። አዲስ ሕንፃ አዲስ መኪና ያመጣል፤ ለዚያ መኪና የሚያስፈልገውን መንገድ ነባሩ ነዋሪ ብቻውን በግብሩ አይሸከም ነው ነገሩ። አንዱ ቦታ የተቆረጠ ክፍያ ያስከፍላል። ሌላው ከመሬታችሁ ዳር ቆርሳችሁ ለመንገድ ልቀቁ ይላል። የእናንተው ሥሩ ብሏል። ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ «እኛ የእምነት ተቋም ነን፣ አይመለከተንም» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ የእምነት ተቋማትን በመሬት አጠቃቀም ጉዳይ ከአድልዎና ያለበቂ ምክንያት ከሚጫን ከባድ ጫና የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ በእርግጥ አለ። ከትራፊክ ጥናት ግን ነፃ አያወጣም።

መጠየቅ ይችላሉ ማለት ግን የፈለጉትን ያህል መጠየቅ ይችላሉ ማለት አይደለም። ኦሪገን ውስጥ ታይጋርድ በምትባል ከተማ ፍሎረንስ ዶላን የምትባል ሴት የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሯን ወደ እጥፍ ለማስፋት ጠየቀች። ከተማው ፈቃዱን ለመስጠት ከመሬቷ ላይ ለጎርፍ መውረጃ፣ እንዲሁም ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንድትለቅ አዘዘ። መደብሩ ሲሰፋ በቀን 435 ተጨማሪ ጉዞ ይመጣል፣ የብስክሌቱ መንገድ ከዚያ የተወሰነውን ሊያቃልል ይችላል ነበር ክርክሩ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍርድ ቤቱ፣ «ሊያቃልል ይችላል» አይበቃም፣ የምትጠይቁት ነገር ፕሮጀክቱ ከሚያመጣው ጫና ጋር በግርድፉም ቢሆን ይመጣጠን፣ ያንንም አሳዩ አለ። በ2024 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ለማቆም 23,420 ዶላር የመንገድ ክፍያ የተጠየቀ ሰው ጉዳይ እዚያው ደረሰ። ክፍያው በምክር ቤት የወጣ ደንብ ስለሆነ ብቻ ከዚህ መመዘኛ አያመልጥም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ይህን የምነግርሽ ፍርድ ቤት ሂዱ ለማለት አይደለም። ጠበቃው ከመታጠፊያ መስመሩ ወጪ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ስንት መኪና ታመጣላችሁ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ድርሻችሁም ትንሽ ነው።

ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሠራሁበት ማኅበረ ምእመናን (የት እንደሆነ ይቅር) ለካውንቲው በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ከ3 ሺህ በላይ ምእመናን አሉን» ብሎ ነበር። የጻፉት በኩራት ነው፣ ትልቅ መሆናቸው እንዲታወቅላቸው። በመዝገብ ያለው ስም እንጂ እሑድ የሚመጣው ሰው ግን 500 እንኳ አይሞላም። ካውንቲው ምን ያድርግ? የተጻፈለትን ወሰደ። ያንን ቁጥር ለማውረድ 8 ወር ፈጀብን። እባካችሁ ለካውንቲ በምትጽፉት ማንኛውም ወረቀት ላይ የአባላትን ብዛት ከተሰብሳቢው ብዛት ጋር አታደባልቁ።

ሁለተኛው፣ መሐንዲሱ ቁጥር የሚያወጣው ከአንድ ትልቅ ማኑዋል ነው። የትራንስፖርት መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት የሚያሳትመው ነው፣ አገሩ ሁሉ ይጠቀምበታል። ለቤተ ክርስቲያንም የራሱ ገጽ አለው፤ በካሬ ጫማ ወይም በመቀመጫ ብዛት ታሰላለህ። ችግሩ የተቆጠሩት አብያተ ክርስቲያናት የእኛ አለመሆናቸው ነው። የእኛ ሰው አንዱ ለኪዳን ይመጣል፣ አንዱ ወንጌል ሲነበብ፣ አንዱ (ስም አልጠራም) እግዚኦታ ላይ። ስለዚህ መግቢያው ይበተናል። መውጫው ግን ይከብዳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ስብከት፣ ከስብከት በኋላ ጠበል ጸዲቅ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መኪናውን ያስነሳል። ደግሞ አንዲት ሲዬና (የቤተሰብ ሚኒቫን) ውስጥ አያት፣ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ተጨምረው ሰባት ሰው ይወርዳል። ይህን ማኑዋሉ አያውቀውም። ማኑዋሉ የማይገጥም ሲሆን በቦታው የተደረገ ቆጠራ ማቅረብ ይቻላል።

ስለዚህ አሁን በኪራይ የምትገለገሉበት አዳራሽ በር ላይ ቁጠሩ። ቢያንስ ሦስት እሑድ። በየ15 ደቂቃው ስንት መኪና ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በአንዱ ውስጥ ስንት ሰው አለ። ወጣቶቹ ይሠሩታል። ግን የቀጠራችሁት መሐንዲስ አስቀድሞ ዘዴውን ከካውንቲው ጋር ይስማማበት፣ አለዚያ ድካማችሁን አይቀበሉትም። «ጉዞ» ሲሉ መግባቱ አንድ፣ መውጣቱ አንድ ተብሎ እንደሚቆጠርም እወቁ። 200 ጉዞ ሲባል 200 መኪና መስሏችሁ እንዳትደነግጡ።

ስለ መስመሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር የካውንቲ መንገዶች በአብዛኛው የስቴቱ ናቸው። ስለዚህ የመግቢያውን ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ መታጠፊያ መስመር መቼ እንደሚያስፈልግም የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ካውንቲው እሺ ቢላችሁ እንኳ እሱ እምቢ ሊል ይችላል። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጧቸው። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ አስፋልቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኪስ የሚያራቁተው የመብራት ምሰሶ ማዛወር፣ የውሃ ቱቦና የጎርፍ መውረጃ ነው። ከመሬታችሁ ፊት ምሰሶ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ ለመሐንዲሱ ላኩለት።

መስመሩን የሚተካ ነገር ማቅረብም ትችላላችሁ። እሑድ ዝግ ከሆነ ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ጋር የመኪና ማቆሚያ ውል ተዋውሎ በሚኒባስ ማመላለስ አንዱ ነው። ለጥምቀትና ለትንሣኤ ሌሊት ፖሊስ ከፍሎ ማቆም፣ የሕፃናትን ትምህርት ከቅዳሴው መውጫ ሰዓት ማራቅም አለ። እኔ በጣም የምወደው ግን በደረጃ መክፈልን ነው፤ አሁን በትንሹ ሠርታችሁ፣ መስመሩ ሁለተኛው ሕንፃ ሲጀመር ወይም የተሰብሳቢው ቁጥር ከተስማማችሁበት ሲያልፍ ይሠራ ማለት። ካውንቲዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ። ቁጥሩ ግን ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፣ በቃል እንዳይቀር።

ቆጠራውን በበረዶ ቀን ወይም በሆሳዕና እሑድ እንዳታደርጉት። አንዱ ያሳንስባችኋል፣ ካውንቲውም ይጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያ የምትሞሉ ያስመስላችኋል።