ፍሬ የሚሰጥ ቁጥቋጦ ወይስ የሚያብብ ዛፍ? የግቢ ተክል ጥያቄና መልስ

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ አገሩ ደጋ ነው ቆላ? ግቢው ስንት በስንት ነው? የፍሳሽ ጉድጓዱ የት ነው?

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ከበሩ እስከ ቤቱ 5 ሜትር ነው። ጉድጓዱ መሃል ላይ አለ። ባለቤቴ ጃካራንዳ ትላለች፣ እኔ የሚበላ ነገር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጃካራንዳ ይቅርባችሁ። ቁመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል፤ ሥሩም እርጥበት ፍለጋ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። አጥሩ ጥግ አጋም ትከሉ። ነጭ አበባው ግቢውን በመዓዛ ይሞላዋል፤ ፍሬው ሲበስል ጠቁሮ ይበላል። ቅጠሉን አያራግፍም፣ ብትከረክሙትም ይችላል። ዘሩን ከበሰለ ፍሬ አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ሳይቆይ ዝሩት። ችግኝ የምትገዙ ከሆነ ግን እሾሁን እዩ! ምረንዝ አጋም ይመስላል። አበባው ይሸታል፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ፍሬውም ይጠቁራል። ድሮ ለቀስት መርዝ የሚሠራበት ተክል ነው። አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ሮማን ወይስ የድሬዳዋ ዛፍ? ግቢዬ ሰፊ ነው።

መልስ፦ ሰፊ ማለት ስንት ነው? 20 በ20 ከሆነ የድሬዳዋ ዛፍ ትከል፤ ጥላው ግሩም ነው። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ንጣፍ ያነሳል፤ ከግንብና ከጉድጓድ አርቀው። ካነሰ ሮማን።

ጥያቄ፦ ለትንሽ ግቢ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ላይ ተመልሷል። ሦስቱን ሳትነግሩኝ አልመልስም።

አባል፦ ልጆች ባሉበት ቤት አጋም? «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል አልሰማችሁም?

ሌላ አባል፦ እኛ አጋም እየለቀምን አይደል እንዴ ያደግነው!

አባል፦ ያ ገጠር ነው። ቀጋ ይሻላል።

ሌላ አባል፦ ቀጋ እሾህ የለውም ልትል ነው?

መልስ፦ ኧረ ወደ ጥያቄው! እሾህ የሚያሰጋው ቡና ይትከል። አበባው ያምራል፣ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል። ከውርጭ ብቻ ይጠበቅ። እሾህ የሌለውን «አጋም» ግን ማንም እንዳይገዛ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የጽጌረዳዬ ቅጠል ይጠቁራል።

መልስ፦ የተክል በሽታ የሚያውቅ ጠይቂ።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ጃካራንዳዬ ገና ጉልበቴ ጋ ነው፤ ከግንቡ አንድ ሜትር ይርቃል። ላዛውረው?

መልስ፦ አዎ፣ ክረምቱ ሲገባ ከነአፈሩ አውጪው። መጀመሪያ አዲሱን ቦታ ቆፍሪ፤ ሥሩ ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ።